በርካሽ የሠራሁት የኤልፍ ዴክ፦ ብቻዬን ስሞክረው ያሸንፋል፣ ሰው ፊት ስቀመጥ ይጠረጋል

ጫካ_ጠባቂ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ከ10 ጨዋታ 8ቱን ስሸነፍ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ እስካሁን የተጫወትኩት በተዋስኩት ዴክ (የካርድ ጥቅል) ነው። አሁን የራሴን ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ኪሴ ውስን ስለሆነ ፖፐር የሚባለውን የአጨዋወት ዓይነት መረጥኩ፤ ኮመን (ከሁሉ የተለመደው የካርድ ደረጃ) ሆኖ ታትሞ የሚያውቅ ካርድ ብቻ ነው የሚገባበት። ከዚያ የነገድ ዴክ ይሁን አልኩና ክሪቸሮቹን (የሚዋጉትን ፍጡራን) ሁሉ ኤልፍ አደረግኩ። አንዱ ለሌላው ጉልበት ሲሆን ማየት ደስ ይለኛል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?

60ውም ይኸው፦ ላናዋር ኤልቭስ 4፣ ፕሪስት ኦፍ ታይታኒያ 4፣ ቲምበርዋች ኤልፍ 4፣ ሊስ አላና ሃንትማስተር 4፣ ዌልዊሸር 4፣ ኔትል ሴንቲኔል 4፣ ኤልቪሽ ቫንጋርድ 4፣ ኩዊሪየን ሬንጀር 2፣ ሊድ ዘ ስታምፒድ 2፣ ጃይንት ግሮውዝ 4፣ ቫይንስ ኦፍ ቫስትዉድ 4፣ ፎረስት 20።

ብቻዬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሞክረው በ5ኛው ተራ፣ ሲቀናኝ በ4ኛው፣ 20ውን ሕይወት እጨርሳለሁ። ጓደኛዬ ቀይ ዴኩን ይዞ ሲቀመጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የመጨረሻውን ጨዋታ ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ 6 ኤልፍ አለኝ፦ 2 ላናዋር፣ 2 ፕሪስት፣ 1 ሬንጀር፣ 1 ዌልዊሸር። ሁሉም 1/1፣ ማለትም ጉልበት 1፣ ጥንካሬ 1። እጄ ላይ የቀሩት 2 ጃይንት ግሮውዝ ናቸው፤ ታፕ ያላደረግኩት፣ ማለትም አጋድሜ ማና (የካርድ መክፈያ ኃይል) ያላወጣሁበት ፎረስት ደግሞ አንድ። በሚቀጥለው ተራ እጨርሰዋለሁ ብዬ ስዘጋጅ ኤሌክትሪከሪን በ3 ማና ኦቨርሎድ አድርጎ ጣለው። በእኔ ክሪቸሮች ሁሉ ላይ 1 ጉዳት። አንዷን ፕሪስት በጃይንት ግሮውዝ አዳንኩ፤ የቀሩት አምስቱ ወደ መቃብር ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ተራ ፎረስት፣ ፎረስት፣ ፎረስት ሳብኩ።

ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ውድ ካርድ ግዢ እንዳትሉኝ ብቻ።

ቀይ_ተራራ፦

ድሩስ አብሮ ነበር እህቴ፤ ሰውዬው መጥረጊያ ይዞ መጣ እንጂ።

ወገንተኛ መሆኔን አልደብቅም፣ እኔ የጎብሊን ሰው ነኝ። ሞግ ዋር ማርሻል ሲገባ አንድ ጎብሊን ይዞ ይመጣል፣ ሲሞት ደግሞ ሌላ ትቶ ይሄዳል። ጠራጊ ቢጣልብኝም ሜዳዬ ባዶ አይቀርም። ያንቺዎቹ ሲሞቱ ምንም አይተዉም። አስቢበት።

አሥራ_ሁለት፦

ነገድ ከመቀየርሽ በፊት አንድ ቁጥር ልስጥሽ።

ከ60 ካርድ ውስጥ አንድ ካርድ 4 ካለሽ፣ በመጀመሪያው የ7 ካርድ እጅሽ ቢያንስ አንዱ የመገኘቱ ዕድል 40% ገደማ ነው። 8 ከሆነ 65%፣ 12 ከሆነ 81%። አሁን ዝርዝርሽን እይው። በ1ኛው ተራ ወርዶ ማና የሚሰጥሽ ኤልፍ ላናዋር ብቻ ነው፤ 4። ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን ያለ እሱ ትጀምሪያለሽ ማለት ነው። የኤልፍ ዴክ ያለ 1ኛ ተራ ማና የኤልፍ ዴክ አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የ1/1 ሰልፍ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ከሁሉ የረከሰው ነው። ሕጉ አንድ ስም ያለው ካርድ ከ4 በላይ አይግባ ይላል፤ አንድ ሥራ የሚሠራ ካርድ ከ4 በላይ አይግባ ግን አይልም። ላናዋር ኤልቭስ፣ ፊንድሆርን ኤልቭስ፣ ኤልቪሽ ሚስቲክ፦ ሦስቱም በ1 አረንጓዴ ማና የሚወርዱ 1/1 ኤልፎች ናቸው፣ ሦስቱም ታፕ ሲሆኑ 1 አረንጓዴ ይሰጣሉ። ሦስት ስም፣ አንድ ካርድ። 12 አስገቢ።

ከየት ይቀነስ ካልሽ 4 ጃይንት ግሮውዝ እና 4 ቫይንስ። ስምንቱም ኤልፍ አይደሉም፤ ፕሪስት አይቆጥራቸውም፣ ሃንትማስተር አያያቸውም፣ ሊድ ዘ ስታምፒድ አያነሳቸውም። በቤቱ ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ እንግዳ በይው። የቅጽል ስሜ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ይኼ 12 ቁጥር የርካሽ ዴክ ዋና ምሥጢር ነው። ሀብታሙ አንድ የሚያስደነግጥ ካርድ ይገዛል፤ እኛ አንድ ተራ ካርድ በሦስት ስም እንገዛለን።

አሮጌ_ሣጥን፦

ልጄ፣ አሥራ_ሁለት ያለሽን ስሚው። እኔ ደግሞ ስለ ላንዱ፣ እንደ ፎረስት ማና ስለሚሰጡት ካርዶች፣ ልናገር።

20 ፎረስት ብዙ ነው። ከሦስት ካርድ አንዱ ላንድ ማለት ነው፤ ለዚያ ነው ከተጠረግሽ በኋላ ሦስት ተራ ፎረስት ያየሽው። የኤልፍ ዴክ ላንዱ በእግሩ የሚሄድ ነው። 12 ፎረስት ይበቃል፣ ላንድ ግራንት 4 ከጨመርሽ። ላንድ ግራንት በእጅሽ ላንድ ከሌለ እጅሽን ለተቃዋሚሽ ገልጠሽ ያለ ማና የምትጥይው ካርድ ነው፤ ከዴክሽ ፎረስት ፈልጎ ይሰጥሻል። በ1999 ነው የወጣው፣ ኮመን ነው፣ ከተዘነጉ ሣጥኖች ውስጥ አይጠፋም። 12 እና 4፣ 16 ይሆናል፤ ከ16ቱ አንዱ በመጀመሪያ እጅሽ የመኖሩ ዕድል 90% ገደማ ነው። አሥራ_ሁለት ካሳሳትኩ ያርመኝ።

«በአንድ ላንድ እንዴት ይኖራል?» ካልሽ፣ ኩዊሪየን ሬንጀርን ለምን 2 ብቻ እንዳደረግሽ ልጠይቅሽ። ይህች ካርድ ከ1997 ጀምሮ እጄ ላይ ናት፤ ዛሬም አልሰለቸችኝም። ፎረስት ወደ እጅሽ ትመልሺና አንድ ክሪቸር ታነቂያለሽ (ከታፕ ወደ ዝግጁ ትመልሺዋለሽ)፣ በተራ አንድ ጊዜ። ሰው ሁሉ ፎረስት መመለሱን እንደ ዕዳ ያየዋል። ተመልከች፦

1ኛ ተራ፦ ፎረስት፣ ላናዋር።

2ኛ ተራ፦ ሁለተኛ ላንድ አልመጣም እንበል። ፎረስቱን ታፕ አድርገሽ ሬንጀርን አወረድሽ። ላናዋርን ታፕ፣ 1 ማና። ታፕ የሆነውን ፎረስት በሬንጀር ወደ እጅ መልሰሽ ላናዋርን አነቃሽው፣ እንደገና ታፕ፣ 2 ማና። የተራሽን ላንድ ገና ስላላወረድሽ ያንኑ ፎረስት መልሰሽ አወረድሽው፣ ታፕ፣ 3 ማና። ሬንጀር ሜዳ ላይ ናት፣ ሊድ ዘ ስታምፒድን በ2ኛው ተራ ትጥያለሽ። ስንት ላንድ አለሽ? አንድ።

አዲስ_እጅ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የጀማሪ ነው። አሁን የወረደ ክሪቸር በዚያው ተራ ታፕ አይሆንም አይደል እንዴ? ሬንጀር እንዴት ወዲያው ሠራች?

ሰማያዊ_ደሴት፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚከለከለው የታፕ ምልክት ያለበትን ችሎታ መጠቀም ነው፣ ማጥቃትም እንዲሁ። የሬንጀር ችሎታ ላይ የታፕ ምልክት የለም፤ ዋጋው ፎረስት መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና እንደወረደች ትሠራለች። በርችሎር ሬንጀርስም እንደዚያው፤ ሁለት ታፕ ያልሆኑ ኤልፎችን ታፕ አድርግ ነው የሚለው፣ አሁን የወረዱትም ይሆናሉ።

እግረ መንገዴን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ልናገር፤ እኔ ጠራጊ የምይዘው ሰውዬ ነኝና። የኤልፍ ተጫዋች ሳይ በጣም የምወደው ምንድን ነው? በ3ኛው ተራ እጁ ባዶ ሲሆን። ስድስት ኤልፍ በአንድ ካርድ! አንዱን በአንድ ካርድ ስገድል እኩል ነን። ስድስቱን በአንድ ካርድ ስገድል ጨዋታው አልቋል፣ የቀረው ሥነ ሥርዓቱ ነው። አራት ኤልፍ አውርዶ ሁለት ደግሞ እጁ ላይ ያስቀረ ሰው ግን ያስጨንቀኛል። አሁን ልጣል ወይስ ሌላ ተራ ልጠብቅ እያልኩ ሳመነታ ይገድለኛል።

ጋሼ ስለ ላንድ ግራንት ያሉት ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እጅሽን ስትገልጪ ሁሉን ነው የማየው። ጠራጊዬን በየትኛው ተራ እንደምጥል ያኔውኑ እወስናለሁ። ካውንተርስፔል (ሌላው የጣለውን ካርድ የሚሰርዝ) ይዤ ከሆነ ደግሞ ላንድ ግራንቱን ራሱን ነው የምመታው። ላንድ የሌለው ሰው ላይ ይኼን ማድረግ ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ። አደርገዋለሁ ግን።

ጫካ_ጠባቂ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሬንጀሩን ነገር ሦስት ጊዜ ካርድ ዘርግቼ ሞከርኩት፣ እየሠራም አላመንኩም።

አዲሱ ዝርዝር፦ ላናዋር 4፣ ሚስቲክ 4፣ ፊንድሆርን 4፣ ፕሪስት 4፣ ቲምበርዋች 4፣ ኩዊሪየን ሬንጀር 4፣ ኔትል ሴንቲኔል 4፣ በርችሎር ሬንጀርስ 4፣ ሃንትማስተር 2፣ ዌልዊሸር 2፣ ሊድ ዘ ስታምፒድ 4፣ ዊንዲንግ ዌይ 4፣ ላንድ ግራንት 4፣ ፎረስት 12።

36 ኤልፍ። ቫንጋርዶቹ ወጡ። ትልቅ ሲሆኑ ደስ ይላሉ፣ ግን ዘግይተው ሲመጡ 1/1 ሆነው ይቀራሉ። ያልነበሩኝን ካርዶች ገና አልገዛሁም፤ ስማቸውን በወረቀት ጽፌ በአሮጌ ካርድ ላይ ለብጬ ነው የምሞክረው። መጀመሪያም እንደዚህ ባደርግ ኖሮ 4 ቫንጋርድ እና 4 ቫይንስ አልገዛም ነበር።

አንድ የተደሰትኩበት ነገር፦ ሁለት ኔትል ሴንቲኔል እና አንድ በርችሎር ሜዳ ላይ ካሉ፣ ባለ 1 ማና አረንጓዴ ኤልፍ ሁሉ ነፃ ነው። ሁለቱን ሴንቲኔል ታፕ፣ 1 ማና፣ ኤልፉን ጣል፣ አረንጓዴ ካርድ ስለጣልኩ ሁለቱም ይነቃሉ። እንደገና። እንደገና። ጓደኛዬ «አልጨረስሽም እንዴ?» እያለ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ከ10 ጨዋታ 7 አሸነፍኩ። ተስተካክሏል ማለት ነው?

ቀይ_ተራራ፦

ከ2 ወደ 7! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጎብሊኑን ተዪው በቃ።

አሥራ_ሁለት፦

ደስታሽን ማበላሸት አልፈልግም ነበር።

ሳንቲም 10 ጊዜ ብትወረውሪ 7 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል 17% ነው። እኩል ለእኩል የሆነ ዴክም ከስድስት ሙከራ በአንዱ እንዲህ ያለ ውጤት ያሳይሻል። ከ20 ጨዋታ 14 ብታሸንፊ ያው 70% ነው፣ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ግን ወደ 6% ይወርዳል። ዴኩ አልተሻሻለም እያልኩ አይደለም፤ በእርግጥ ተሻሽሏል። 10 ጨዋታ ግን አያሳይሽም።

ሌላው ችግር፣ ሁሌም ከአንድ ሰው ጋር፣ ሁሌም በአንድ ዴክ ነው የምትሞክሪው። ጓደኛሽ ኤሌክትሪከሪውን ባይስብ ምን ተማርሽ? ምንም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ጠራጊውን እኔ ራሴ ነኝ የምሰጠው። ጨዋታው ሲጀመር የተቃዋሚው እጅ ላይ አንድ ጠራጊ ሆን ተብሎ ይገባል፣ የቀሩት 6 ካርዶች ተበውዘው ይሳባሉ። እኔም መኖሩን አውቃለሁ። እንደዚህ 10 ጨዋታ ብትጫወቺ ከ50 ተራ ጨዋታ የበለጠ ታውቂያለሽ፤ የምትፈሪው ነገር በየጨዋታው ይመጣልና።

ውጤት ስትጽፊ ደግሞ አሸነፍኩ፣ ተሸነፍኩ ብቻ አትበይ። ስትጠረጊ እጅሽ ላይ ስንት ካርድ ነበር? ጨዋታው ሲያልቅ የትኛው ካርድ ሳይጣል ቀረ? ማን ጀመረ? ሦስት ዓምድ፣ ሌላ አያስፈልግም። በግማሹ እሱ ይጀምር፣ በግማሹ አንቺ።

ባለ_ስሊቨር፦

እኔ በሁለት ነገር አልስማማም።

አንደኛ፣ ዝርዝሩ ላይ ዲስታንት ሜሎዲ የለም። ይኼ እንዴት ይሆናል? በ4 ማና ኤልፍ ብለሽ ትጠሪያለሽ፣ ሜዳ ላይ ባለሽ ኤልፍ ልክ ካርድ ትስቢያለሽ። ሰማያዊ ማናው ከበርችሎር ይመጣል፣ የፈለግሽውን ቀለም ትሰጣለችና። 7 ኤልፍ፣ 7 ካርድ። ዊንዲንግ ዌይ 4 ካርድ ገልጦ ክሪቸሮቹን ብቻ ነው የሚሰጥሽ፤ በ36 ክሪቸር በአማካይ 2.4 ነው። 7 እና 2.4!

ሁለተኛ፣ ጠራጊ የሚያስፈራሽ ከሆነ ለምን 1/1 ነገድ ትመርጫለሽ? ማስል ስሊቨር፣ ሳይንዩ ስሊቨር፣ ፕሬዳተሪ ስሊቨር፣ ሦስቱም ኮመን፣ ሦስቱም በ2 ማና፣ ሦስቱም ለስሊቨሮችሽ +1/+1 ይሰጣሉ። የአሥራ_ሁለት 12 ቁጥር እዚህም አለ፤ እዚህ ግን 12ቱም ሎርድ (ወገናቸውን የሚያጠነክሩ) ናቸው። ሁለቱ ሜዳ ላይ ካሉ እያንዳንዱ ስሊቨር 3/3 ነው። ኤሌክትሪከሪ ይምጣ፣ ምን ይሆናል?

ቀይ_ተራራ፦

ስሊቨር አረንጓዴና ነጭ ላንድ ይፈልጋል፤ ርካሾቹ ባለ ሁለት ቀለም ላንዶች ታፕ ሆነው ነው የሚገቡት። 2ኛው ተራ ላይ ሎርድሽን ይዘሽ ታፕ የሆነ ላንድሽን እያየሽ ትቀመጫለሽ። አላየሁም ብትል አላምንህም።

ባለ_ስሊቨር፦

አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ። አሁንም 3/3 ነው።

አሮጌ_ሣጥን፦

ስሊቨር ጥሩ ዴክ ነው፣ አልከራከርም። እሷ ግን ኤልፍ ነው የወደደችው። የወደዱትን ካልተጫወቱ ርካሽ መሥራቱስ ምን ይጠቅማል?

ስለ ሜሎዲ ግን ልጄ፣ አትቸኩል። ሜሎዲ ላለው የሚጨምር ካርድ ነው። 7 ኤልፍ ሜዳ ላይ ካለህ ያለ እሱም እያሸነፍክ ነው። ጠራጊ ተጥሎ ሁለት ኤልፍ ሲቀርህ ሜሎዲ በ4 ማና 2 ካርድ ይሰጥሃል፤ ምንም ካልቀረህ ደግሞ ሰማያዊ ማናውም የለህም፣ በርችሎርህ መቃብር ናትና። እጅህ ላይ ሞቶ ይቀመጣል። ዊንዲንግ ዌይ ግን ሜዳህን አይጠይቅም። ሀብታም ብትሆን ድሃ ብትሆን 2 ማና ነው፣ 4 ካርድ ይገልጣል። ሊድ ዘ ስታምፒድም እንደዚያው፣ በ3 ማና 5 ካርድ ያያል፤ በ36 ክሪቸር በአማካይ 3 ያነሳልሃል። ለኤልፍ ካርድ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሜዳዬ ባዶ ሲሆን ይህ ካርድ ምን ያደርጋል?

በነገራችን ላይ፣ ፕሪስት ኦፍ ታይታኒያ የሜዳውን ኤልፍ ሁሉ ነው የምትቆጥረው፣ የተቃዋሚሽንም ጭምር። ኤልፍ ከኤልፍ ሲገጥም የእሱን ሰዎች ቆጥረሽ ማና መውሰድሽን አትርሺ። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሰማያዊ_ደሴት፦

ትንሽ ከርዕስ ውጭ፦ ነገድ፣ ነገድ እያላችሁ ነው፤ ኩባንያው ትራይባል የሚለውን የካርድ ዓይነት በ2023 ወደ ኪንድረድ ቀይሮታል። ካርድ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ።

አዲስ_እጅ፦

ነገድ ይሻላል ለጆሮ።

ጫካ_ጠባቂ፦

ተመለስኩ። አሥራ_ሁለት ባለው መንገድ 20 ጨዋታ ተጫወትኩ። 10ሩን ከቀዩ፣ 10ሩን ደግሞ ከአንድ ጥቁር ዴክ ጋር። ጥቁሩ ክሪፕት ራትስ ያለበት ነው፤ በ3 ማና ይወርድና በጨመረበት ጥቁር ማና ልክ ለክሪቸሮች ሁሉና ለሁለታችንም ጉዳት ይሰጣል። በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ጠራጊ እጃቸው ላይ ገብቶላቸው ነው የጀመርነው።

11 አሸነፍኩ፣ 9 ተሸነፍኩ። በፊት ቢሆን 11ን አይቼ ቅር ይለኝ ነበር። ግን በየጨዋታው ጠራጊ እየተሰጣቸው ነው!

ዋናው ነገር ሦስቱ ዓምዶች ላይ ነው የታየኝ። ስጠረግ እጄ ላይ 1 ወይም ባዶ ካርድ በነበረባቸው 8 ጨዋታዎች ያሸነፍኩት 1 ነው። 2 እና ከዚያ በላይ በነበረባቸው 12 ጨዋታዎች 10። ቁጥሩ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ አሥራ_ሁለት፣ አትቆጣኝ፤ እኔን ግን አሳምኖኛል። ጥፋቱ ግማሹ የዝርዝሩ ከሆነ ግማሹ የእጄ ነበር። ኤልፍ እጄ ላይ ካለ ማውረድ ግዴታ ይመስለኝ ነበር።

አንዱን ጨዋታ ልንገራችሁ። ከጥቁሩ ጋር ነው፣ እሱ 5 ስዋምፕ (ጥቁር ማና የሚሰጥ ላንድ) አለው። እኔ ሜዳ ላይ 5 ኤልፍና 2 ፎረስት። እጄ ላይ ላናዋር፣ ሬንጀርና ዊንዲንግ ዌይ። ሦስቱንም ልጥላቸው እችል ነበር፤ ጣቴ ላናዋሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እለፍ» አልኩት። ራትሱን በ3 ማና አወረደ፣ የቀሩትን 2 ስዋምፕ ጨመረበት፣ 2 ጉዳት ለሁሉም። አምስቱም ሄዱ፣ ራትሱ ራሱም ሄደ።

የእኔ ተራ። የሳብኩት ሃንትማስተር ነው፣ 4 ማና፤ ለጊዜው ወረቀት ነው። 2 ፎረስት ብቻ ነው ያለኝ። ዊንዲንግ ዌይን ልጣል፣ 2 ማናው አለቀ፣ ሬንጀር እጄ ላይ ትቀራለች? እንደዚያ ላደርግ ስል የጋሼ ነገር ትዝ አለኝ። አንዱን ፎረስት ታፕ፣ ሬንጀርን አወረድኩ። ሁለተኛውን ታፕ፣ 1 ማና ያዝኩ። መጀመሪያ ታፕ ያደረግኩትን ፎረስት በሬንጀር መለስኩት። የሚነቃ ክሪቸር መጥራት ስላለብኝ ራሷን ሬንጀርን ጠራሁ። ያንኑ ፎረስት መልሼ አወረድኩ፣ ታፕ፣ 2ኛ ማና። ዊንዲንግ ዌይ። ክሪቸር ብዬ ገለጥኩ፦ ሚስቲክ፣ ኔትል ሴንቲኔል፣ ፎረስት፣ ቲምበርዋች። ፎረስቱ ወደ መቃብር፣ ሦስቱ ኤልፍ ወደ እጄ።

ከሁለት ፎረስት 3 ማና! ሬንጀር ሜዳ ላይ፣ እጄ ላይ 5 ካርድ። ልጁ የኔን ሜዳ አይቶ፣ ከዚያ እጄን አይቶ፣ «ገና አሁን ጠረግኩሽ እኮ» አለ። በሚቀጥለው ተራ በዚያችው ዘዴ 3 ማና አውጥቼ ላናዋር፣ ሚስቲክ፣ ሴንቲኔል። ሁለተኛ ጠራጊ አልነበረውም። ከሦስት ተራ በኋላ ማንም ያልተከላከለውን ሴንቲኔል በቲምበርዋች አሳድጌ ጨረስኩት።

ያልተጣለው ካርድ ዓምድ ላይ ደግሞ ከሁሉ የበዛው ዌልዊሸር ነው። ሁለት ብቻ ሆና እንኳ ሰባት ጊዜ እጄ ላይ ቀርታለች። ሁልጊዜ ከእሷ የሚሻል የሚወርድ ነገር አለ።

ያልጠበቅኩት ችግርም ገጥሞኛል። ሬንጀር ፎረስት ወደ እጄ ስትመልስ ላንድ ግራንት ነፃ መሆኑ ይቀራል፣ እጄ ላይ ላንድ አለና። ሁለቴ ተጠመድኩበት። አሁን ላንድ ግራንቱን አስቀድሜ እጥላለሁ።

አሥራ_ሁለት፦

አልቆጣም። ዓምዱን የሞላ ሰው ብርቅ ነው። ከ8 አንድ እና ከ12 አሥር ትንሽ ቁጥር ቢሆንም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ እጅሽ ላይ ካርድ የተረፈበት ጨዋታ ምናልባት መጀመሪያውኑ ጥሩ እጅ የነበረበት ጨዋታ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥሉትን 10 ጨዋታዎች «ሁልጊዜ 2 ኤልፍ አስቀራለሁ» ብለሽ አስቀድመሽ ወስነሽ ተጫወቺ፤ ያኔ ይለያል።

አሁን ሳይድቦርድ፣ በጨዋታዎች መካከል የምትቀይሪባቸው ተጠባባቂ ካርዶች። ግጥሚያ ከሦስት ሁለት ነው፤ 1ኛው ጨዋታ ያለ ሳይድቦርድ፣ 2ኛውና 3ኛው ከነሳይድቦርዱ። ማለትም ከምትጫወቺው ቢያንስ ግማሹ ያልሞከርሽው ዴክ ነው።

ሰማያዊ_ደሴት፦

ራፕ ኢን ቪጎር ፈልጊ። በ2 ማና ክሪቸሮችሽን ሁሉ ከጥፋት ያድናል፣ በተቃዋሚ ተራም ይጣላል። እኔ ላይ አንድ ጊዜ ተጥሎብኛል፤ ጠራጊዬን አባክኜ፣ ማናዬን ጨርሼ፣ ኤልፎቹ ታፕ ሆነው ግን በሕይወት ተቀምጠው አየኋቸው። ያን ቀን ሌላ ጨዋታ አልተጫወትኩም።

ግን የሚያድነው ከጉዳት ነው። ሳፎኬቲንግ ፊዩምስ ዓይነቱ -1/-1 ሲመጣ አይሠራም፤ ጥንካሬው ዜሮ የሆነ ክሪቸር በጉዳት ሳይሆን በራሱ ነው የሚጠፋው። ለቀይ አስገቢው። ጥቁር ላይ ራትሱን ይመክታል፣ ፊዩምሱን አይመክትም፤ የትኛውን እንደያዘ በ1ኛው ጨዋታ አይተሽ ወስኚ።

ቀይ_ተራራ፦

ቀይ ሰው ምሥጢሩን ማውጣት የለበትም ግን ልናገር፦ ከኤልፍ ጋር ስጫወት ላይትኒንግ ቦልቴን ፊትሽ ላይ አልጥለውም። የመጀመሪያዋን ላናዋር ነው የምመታት። 1 ማና ለ1 ማና፣ አንቺ ግን በአንድ ላንድ ቀረሽ። ስለዚህ 1 ላንድና 1 ማና ኤልፍ ያለበትን እጅ ከቀይ ጋር አትያዢ፤ ማሊጋን አድርጊ (እጅሽን መልሰሽ አዲስ ሳቢ)። 7 ስበሽ አንድ ብቻ ነው ወደ ታች የምትመልሽው።

አዲስ_እጅ፦

1 ላንድ፣ 1 ላናዋር፣ 1 ሬንጀር ከሆነስ?

ቀይ_ተራራ፦

...እሱን ያዢው። ሬንጀሯን መጀመሪያ አውርጂ፣ ላናዋሯን በ2ኛው ተራ። ሬንጀሯን ብመታት አልጎዳሁሽም፣ ላናዋርሽ አለች፤ ብተዋት ደግሞ ያው ፎረስት በ2ኛው ተራ ሁለቴ ይታፓል። ይኼን ስለነገርኩሽ ተጸጽቻለሁ።

ጫካ_ጠባቂ፦

ተመዝግቧል።

የዛሬው ለውጥ፦ ዌልዊሸር 2 ከዋናው ወጥተው ወደ ሳይድቦርድ፣ ለቀይ ብቻ። በቦታቸው 1 ፎረስትና 1 ሃንትማስተር። ራፕ ኢን ቪጎር 4 ወደ ሳይድቦርድ። ያለ ሥራ የገዛኋቸው 4 ቫይንስም እዚያው ገቡ፣ ነጠላ ገዳይ ለሚያበዙ ዴኮች። አምስት ቦታ ይቀረኛል።

ከጥቁር ዴኩ ልጅ ጋር ደግሞ 10 ጨዋታ ተቀጣጥረናል፣ ሁልጊዜ 2 ኤልፍ እያስቀረሁ። ሳይጠራጠር አይቀርም፤ ትናንት «እጅሽ ላይ ምን አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ፎረስት ነበር፣ ሁለቱም።